የዘፋኙ የቦብ ማርሊ አጭር የሕይወት ታሪክ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፥ ብዙ ሳላስብ የመረጥሁት ቦብ ማርሊን ነው። ለዚህም ምክንያት አለኝ። አጎቴ በወጣትነታቸው እዚህ ሐዋሳ፥ በሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ጊታር ይጫወቱ ነበር። ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የደረሱትን ዘፈን በካሴት ካስቀዱ በኋላ፥ አንድ ጊዜ በተከፈላቸው ጥቂት ብር ለአንድ ነጋዴ ሰጡት፤ በመካከላቸው የተጻፈ ውል አልነበረም። ዘፈኑ በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ሲሰማ ከረመ፤ አጎቴ ግን ከዚያ በኋላ አንዲት ሳንቲም አላገኙም። ዛሬ ጊታሩ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከአጠገቡም የቦብ ማርሊ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ለምን እንደ ተሰቀለ ብጠይቃቸው፥ የሰውየውን ታሪክ አንብቤ እንድመለስ አዘዙኝ። አንብቤ ያገኘሁትን እነሆ ለአንባብያን አቀርባለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሮበርት ኔስታ ማርሊ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 በጃማይካ ደሴት፥ ናይን ማይል በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። እናቱ ሴዴላ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ስትሆን፥ አባቱ ኖርቫል ማርሊ ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ ነጭ ነበር። አባት ከልጁ ጋር አልኖረም፤ ልጁ 10 ዓመት ሲሆነውም ሞተ። እናቲቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ዋናው ከተማ ወደ ኪንግስተን ስትሄድ ልጅዋም ተከተላት፤ ትሬንች ታውን በሚባለው የድኾች ሰፈርም መኖር ጀመሩ።

ቦብ ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋርጦ የብረት ብየዳ ሥራ ለመማር ገባ። አንድ ቀን የብረት ስብርባሪ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ብዙ አሠቃየው፤ ከዚያም በኋላ ልቡ ፈጽሞ ወደ ዘፈን አዘነበለ። በሰፈሩ ጆ ሂግስ የሚባል ዘፋኝ ነበር፤ ይህ ሰው ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች በግቢው እየሰበሰበ ያለ አንዳች ክፍያ ድምፅ አወጣጥ ያስተምር ነበር። ቦብና ጓደኞቹ ባኒ ሊቪንግስተንና ፒተር ቶሽ በዚያ ግቢ ተምረዋል።

ቦብ በ1962፥ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፥ የመጀመሪያ ሸክላውን አስቀዳ፤ ሸክላው ግን እምብዛም አልተሸጠም። በ1963 ከጓደኞቹ ጋር ዌይለርስ የተባለውን ጓድ አቋቋመ፤ በ1964ም ክሌመንት ዶድ በተባለው ሰው ስቱዲዮ የተቀዳው ሲመር ዳውን የተባለ ዘፈናቸው በደሴቲቱ ሁሉ አንደኛ ወጣ። ዘፈናቸው በየቤቱ ሲሰማ ልጆቹ ያገኙት የነበረው ግን አነስተኛ የሳምንት ደመወዝ ነበር። በዚያን ጊዜ በጃማይካ የተለመደው አሠራር፥ የሸክላው ትርፍ ለስቱዲዮው ባለቤት፥ ዝናው ለዘፋኙ መሆኑ ነበር። ይህን ሳነብ አጎቴ ትዝ አሉኝ።

ቦብ በ1966 ሪታ አንደርሰንን አገባ፤ ወዲያውም እናቱ ወዳለችበት ወደ አሜሪካ ሄዶ፥ በዊልሚንግተን ከተማ በፋብሪካ ሠራተኛነት ገንዘብ ማጠራቀም ጀመረ። እርሱ በዚያ ሳለ፥ በኤፕሪል 21 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ጎበኙ፤ ሪታ ከሕዝቡ መካከል ቆማ አይታቸዋለች። ቦብ ሲመለስ ወደ ራስተፈሪያን እምነት አዘነበለ፤ ያጠራቀመውንም ገንዘብ ይዞ ከሚስቱና ከጓደኞቹ ጋር ዌይል ኤን ሶል ኤም የሚባል የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ።

አንባቢ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለው እለምናለሁ። በራሱ ገንዘብ ሸክላ ማውጣት የሚፈልግ ዘፋኝ ስቱዲዮ ይከራያል፤ ለሙዚቀኞች ይከፍላል፤ ሸክላውን ለሚያትመው ፋብሪካም ዋጋውን አስቀድሞ ይሰጣል። ከዚያም የታተመውን ተሸክሞ በየሱቁ ማዞር፥ በሬዲዮ እንዲሰማለት መለመን የእርሱ ፈንታ ነው። ሸክላው ባይሸጥ ኪሳራው የእርሱ ብቻ ነው። ቦብና ሪታም ሸክላዎቻቸውን ራሳቸው እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ድርጅቱ ብዙ ሳይቆይ ገንዘብ አጠረውና ተዘጋ፤ ቦብም ለጊዜው ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ መሬት ቆፈረ። ተስፋ ግን አልቆረጠም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተፍ ጎንግ የሚባለውን ሁለተኛ ድርጅት መሠረተ። ተፍ ጎንግ የራሱ የቅጽል ስም ነበር።

በዚሁ ዘመን በአገራችንም ተመሳሳይ ድፍረት ታይቷል። በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1969 አምሐ ሪከርድስን አቋቋመ። ሸክላዎቹ በውጭ አገር እየታተሙ ይመጡ ነበር። እርሱ በ1975 አገር ጥሎ እስኪሄድ ድረስ ያሳተማቸው ሸክላዎች፥ የዚያን ዘመን ድምፅ እስከ ዛሬ ጠብቀው አቆይተውልናል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1972 ቦብና ጓደኞቹ ለንደን ላይ ገንዘብ አልቆባቸው ተቸገሩ፤ ወደ ክሪስ ብላክዌልም ሄዱ። ብላክዌል ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ያልተጠጋ፥ አይላንድ የሚባል የራሱን ድርጅት በ1959 ጃማይካ ውስጥ መሥርቶ፥ ኋላ በእንግሊዝ አገር የሮክ ሙዚቃ ሸክላዎችን የሚያሳትም ሰው ነበር። እርሱም አንድ ሙሉ አልበም እንዲሠሩለት 4,000 ፓውንድ ቀብድ ሰጣቸው። ገንዘቡን በልተው ይቀራሉ ብለው ያስጠነቀቁት ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቹ ግን ኪንግስተን ገብተው ሥራውን አጠናቀው አስረከቡት።

ይህ ካች ኤ ፋየር የተባለው አልበም በ1973 ወጣ። ብላክዌል የሮክ አድማጮች ጆሮ እንዲለምደው፥ ዌይን ፐርኪንስ በተባለ አሜሪካዊ የሮክ ጊታር አስጨመረበት። ከዚያ በፊት የጃማይካ ዘፈን በብዛት የሚሸጠው በትንንሽ ሸክላ፥ በነጠላ ነበር፤ አሁን ግን እንደ ሮክ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድነት የሚደመጥ አልበም ሆነ። ገበያው መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር። በ1974 እንግሊዛዊው ጊታር መቺ ኤሪክ ክላፕተን ከቦብ ዘፈኖች አንዱን ተጫውቶ በአሜሪካ አንደኛ ሲወጣ ግን ዓለም የደራሲውን ስም መጠየቅ ጀመረ። ባኒና ፒተር በዚሁ ጊዜ ተለይተውት ሄዱ።

ቦብ ያገኘውን ለብቻው አልበላም። ከዘፈኖቹ ሁሉ ታዋቂ የሆነው ኖ ውማን ኖ ክራይ በቪንሰንት ፎርድ ስም ተመዝግቧል፤ ይህ ሰው በትሬንች ታውን ለተራቡ ሰዎች ምግብ ያበስል የነበረ ወዳጁ ነው። በ1976 ያወጣው ዋር የተባለው ዘፈን ደግሞ ቃሉ የተወሰደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ነው።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር 3 ቀን ታጣቂዎች ቤቱ ገብተው እርሱንና ሪታን በጥይት አቆሰሉ፤ ቦብ ግን በሁለተኛው ቀን ለሕዝብ በነፃ በተዘጋጀው ትርዒት ላይ ወጥቶ ዘፈነ። በኤፕሪል 1978ም በኪንግስተን መድረክ ላይ የሁለቱን ተቀናቃኝ ፓርቲዎች መሪዎች እጅ ለእጅ አያያዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አገራችን መጥቶ ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ሻሸመኔን ጎበኘ፤ በዚያም ንጉሠ ነገሥቱ ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ ወንድሞቹ ሰፍረው ነበር። ወደ ኪንግስተን ሲመለስ ሰርቫይቫል የተባለውን አልበም በ1979 በገዛ ስቱዲዮው ቀዳ። የሳምንት ደመወዝተኛው ልጅ የስቱዲዮ ባለቤት ሆነ። በኤፕሪል 1980 ዚምባብዌ ነፃነትዋን ስታከብር በራሱ ወጪ ሄዶ ዘፈነ።

ይሁን እንጂ በ1977 በእግሩ ጣት ላይ የታየው የካንሰር በሽታ ወደ ሰውነቱ ተሠራጭቶ ነበር። በ1980 መጨረሻ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በሜይ 11 ቀን 1981 ማያሚ ከተማ በ36 ዓመቱ ዐረፈ፤ በተወለደባት መንደርም ተቀበረ። በ2005 ስድሳኛ የልደቱ ዓመት በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ሲከበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኝቷል።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ለሥራው ባለቤትነት ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ይህ ሰው ኑዛዜ ሳይጽፍ ሞተ። በዚህም የተነሣ ሀብቱ ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ሲያከራክር ኖረ። ትልቁን ትግል አሸንፎ አንዲት ወረቀት ቀረችው።

እኛ የሙዚቃ ክበብ አባሎች ዘንድሮ ሦስት ዘፈኖች አዘጋጅተናል። አገራችን በ2004 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲ መብት በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ነገር ግን ማን ምን እንደ ደረሰ ካልተጻፈ ሕጉ ምን ይዞ ይፈርዳል? ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝተን የግጥሙንና የዜማውን ባለቤቶች ስም ከነቀኑ ጽፈን ሁላችንም ፈረምንበት። ደብተሩን ለአጎቴ ባሳየኋቸው ጊዜ ገጹን አገላብጠው ዝም አሉ፤ ቆይተውም የዚያን የድሮ ዘፈናቸውን ስም ጻፍልኝ አሉኝ። ካሴቱ ራሱ እንኳ በእጃቸው የለም። እኔም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፍሁት፤ እርሳቸውም ፈረሙበት።