የ51 ዓመቱ ተማሪ

ኮፒ ማድረግ እኛ ዘንድ ስሙ አያምርም። ፈተና ላይ ከሆነ ኩረጃ ነው፤ ሥዕል ላይ ከሆነ ደግሞ የፈጠራ ድርቀት ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የዘይት ቀለም እማራለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ የጥንት ሠዓሊ የሣለውን የሰው ፊት እያዩ መገልበጥ ነው። ታዲያ የራስህ ሥራ መቼ ነው የሚመጣው ለሚሉኝ ጓደኞቼ የአንድ ሰው ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ፒተር ፖል ሩበንስ እ.ኤ.አ. በ1577 ዚገን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሲሞት እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ አንትወርፕ ተመለሰች። ሩበንስ ገና ልጅ ሳለ የሆልባይንን የኅትመት ሥዕሎች እየገለበጠ እጁን ያፍታታ ነበር። በ1598 የከተማዋ የሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1600 ደግሞ ጣሊያን ሄዶ በማንቱዋው መስፍን ዘንድ ተቀጠረ።

ቲሺያን የተባለው ታላቅ የቬኒስ ሠዓሊ የማንቱዋዋን እመቤት ኢዛቤላ ዴስቴን ሥሏት ነበር። ሩበንስ ያንን ሥዕል ገለበጠው። ኦሪጅናሉ በኋላ ጠፋ። ዛሬ ቪየና ሄዳችሁ ቀይ የለበሰችውን ኢዛቤላ ብታዩ፣ የምታዩት የሩበንስን ኮፒ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ1628 የሆነው ነው። ሩበንስ 51 ዓመቱ ነው፤ ስሙ በአውሮፓ የናኘ፣ ነገሥታት የሚሻሙበት ሠዓሊ ነው። ማድሪድ የሄደውም ሊማር አልነበረም፤ ስፔንና እንግሊዝ እንዲታረቁ ሊደራደር እንጂ። እዚያ በቆየባቸው ወራት ግን የንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ ቤተ መንግሥት ውስጥ በነበሩት የቲሺያን ሥዕሎች ፊት ሸራውን ዘርግቶ እንደ ጀማሪ ኮፒ ማድረግ ያዘ። 29 ዓመት የሞላው የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ቬላስኬዝም በቅርብ ያውቀው ነበር።

ምን ፈልጎ ነው? እኔ የገባኝ ብሩሽ ስይዝ ነው። በስልካችን የምናየው ፊት የመጨረሻው ንብርብር ብቻ ነው። ዘይት ቀለም ግን ድርብርብ ነው፦ ከታች ደብዘዝ ያለ መሠረት፣ ከዚያ ቅርጽ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ባለቀለም መስታወት የሚያሳልፍ ስስ ቀለም። ሩበንስ ራሱ ጥላውን ሳሳ አድርጎ ያልፈዋል፤ ብርሃን የሚያርፍበትን ግንባርና አፍንጫ ግን ወፈር አድርጎ ይቀባዋል። ፊቱን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ይህን አያስተውልም። የሚገለብጠው ሰው ግን የጉንጩ ቅላት ከላይ ተቀባ ወይስ ከሥር ወጣ የሚለውን መወሰን ግድ ይሆንበታል። ትምህርቱ እዚያ ውሳኔ ላይ ነው።

ደግሞ ሩበንስ እንዳለ አልገለበጠም። የቲሺያንን አዳምና ሔዋን ሲሠራ የአዳምን አቀማመጥ ቀየረ፣ ዛፉ ላይም በቀቀን ጨመረ። ሁለቱም ሥዕሎች ዛሬ ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በስልካችሁ እዩአቸው፤ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ሲከራከር ታያላችሁ።

በ1640 ሲሞት ቤቱ ውስጥ ከቲሺያን የተገለበጡ ከ30 በላይ ሥዕሎች ተገኙ። አልሸጣቸውም ነበር፤ ለራሱ ነበር ያስቀመጣቸው። ከመካከላቸው የኤውሮፓን ጠለፋ የሚያሳየውን ኮፒ የገዛው ማን መሰላችሁ? ንጉሥ ፊሊፕ! ኦሪጅናሉ እኮ የራሱ ነበር። ዛሬ የቲሺያኑ ቦስተን፣ የሩበንሱ ፕራዶ ይገኛል።

እናም ፖርትሬት መሣል የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የምትወዱትን አንድ ፊት ምረጡና ሳታፍሩ ገልብጡ። ስትጨርሱ ከሸራው ጀርባ ኦሪጅናሉ የማን እንደሆነ ጻፉበት። የኮረጀ ሰው ይህን አይጽፍም።