ኢማም አል-ገዛሊ፦ ኢኽላስን ፍለጋ ወንበራቸውን የለቀቁት ዓሊም

ቁርኣንን የሚቀራ ሙስሊም ደጋግሞ የሚያገኛቸው ቃላት አሉ፤ ተቅዋ፣ ሶብር፣ ተወኩል፣ ተውበት፣ ኢኽላስ። ትርጉማቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ብንጠየቅም እንመልሳለን። ቃሉን ማወቅና በቃሉ መኖር ግን ለየቅል ናቸው። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን፣ ማለትም ሥራን ለአላህ ብቻ ማጥራት የሆነውን ኢኽላስን፣ በአንድ ታላቅ ዓሊም ሕይወት ውስጥ እናየዋለን። እሳቸውም ኢማም አቡ ሓሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ናቸው።

ኢማሙ በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1058) በኹራሳን፣ ዛሬ በኢራን ግዛት ውስጥ በምትገኘው ጡስ ተወለዱ። አባታቸው ሱፍ ፈትለው የሚያድሩ ድሃ ነበሩ። እሳቸው ያልተማሩትን ልጆቻቸው እንዲማሩላቸው አጥብቀው ይመኙ ነበር። ሞት ሲቀርባቸው ያለቻቸውን ጥቂት ገንዘብ ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አስረክበው ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ አደራ ሰጡ። ገንዘቡ ሲያልቅ ያ ደግ ሰው የራሱም እጅ ባዶ ስለነበር ልጆቹ ለደረሳ ቀለብ ወደሚሰጥበት መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። ገቡም። ኢማሙ ይህንን ጊዜ ሲያስታውሱ ወደ ዒልም የገቡት ከአላህ ውጭ ላለ ጉዳይ እንደነበር፣ ዒልሙ ግን ለአላህ ካልሆነ በቀር አሻፈረኝ እንዳለ ይናገሩ እንደነበር ተዘግቧል። መላ ሕይወታቸው የዚህች ንግግር ማብራሪያ ይመስላል።

ከጡስ ቀጥሎ ወደ ነይሳቡር ሄደው ከታላቁ የሻፊዒያ ዓሊም ከኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ቀሩ። ፊቅህን፣ ኡሱልን፣ መንጢቅንና የክርክር ጥበብን ጠነቀቁ። ሸይኻቸው በ478 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ የሰልጁቆች ሚኒስትር ወደነበረው ኒዛሙል ሙልክ አቀኑ። እሱም በ484 (እ.ኤ.አ 1091) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ሙደሪስ አድርጎ ሾማቸው። ያን ጊዜ ገና የ34 ዓመት ሰው ነበሩ። ሦስት መቶ ያህል ደረሳ ከፊታቸው ይቀመጥ ነበር። የፈላስፎችን ስሕተት የሚያጋልጥ ኪታብ ጻፉ፤ ስማቸውም ከአገር አገር ተሰማ። ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል?

በ488 (እ.ኤ.አ 1095) ግን ኢማሙ ራሳቸውን መመርመር ጀመሩ። ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ማስተማር ነበርና ኒያቸውን ጠየቁት። ያገኙት መልስ አስደነገጣቸው፤ ለማስተማር የሚያነሳሳቸው የአላህ ፊት ሳይሆን ዝናና ክብር ነበር። ከረጀብ ወር ጀምሮ ለስድስት ወራት ያህል በሁለት ሐሳብ ተወጠሩ። ጧት ሁሉን ትተው ለመውጣት ይቆርጣሉ፤ ማታ ነፍሳቸው ትረታቸዋለች። በመጨረሻም ምላሳቸው ተሳሰረ። ደረሶቻቸውን ለማስደሰት ሊያስተምሩ ቢሞክሩም አንድ ቃል አልወጣቸውም። ምግብ አልወርድ፣ ውኃ አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞችም ሕመሙ ከልብ የመጣ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ኢማሙ መውጫ እንደጠፋው ሰው ወደ አላህ ተማጸኑ፤ አላህም ክብርና ሀብትን መተውን ለልባቸው አቀለለላቸው።

ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው የቀረውን ሀብታቸውን አከፋፈሉ። ወደ መካ እንደሚሄዱ ለሰው ነግረው ወደ ሻም አቀኑ። በደማስቆ ታላቁ መስጂድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን ዘግተው ይውሉ ነበር። ከዚያም ወደ በይተል መቅዲስ ሄዱ። በኸሊል ከተማ በነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) መቃብር ዘንድ ሦስት ነገሮችን ላይፈጽሙ ቃል ገቡ፦ ወደ ሡልጣን ደጅ ላይሄዱ፣ የሡልጣን ገንዘብ ላይቀበሉ፣ ለመርታት ሲባል በሚደረግ ክርክር ላይገቡ። ሐጃቸውን አድርገው መዲናንም ዘየሩ። በኋላም የልጆቻቸው ናፍቆት ወደ አገራቸው መለሳቸው።

በእነዚህ ዓመታት ኢሕያእ ዑሉሚ-ድ-ዲንን ጻፉ። ኪታቡ እያንዳንዳቸው አሥር መጻሕፍት ባሏቸው አራት ክፍሎች የተደራጀ ሲሆን እነሱም ዒባዳ፣ የዕለት ኑሮ፣ አጥፊ ባሕርያትና አዳኝ ባሕርያት ናቸው። ስለ ሪያእና ዝና መውደድ ከአጥፊዎቹ ዘንድ፣ ስለ ተውበት፣ ሶብር፣ ተወኩል፣ ኒያና ኢኽላስ ከአዳኞቹ ዘንድ አብራርተዋል። ኡለማዎች በኪታቡ ውስጥ ደካማ ሐዲሶች መኖራቸውን አመልክተዋል፤ አል-ሓፊዝ አል-ዒራቂም ሐዲሶቹን አጣርተው ደረጃቸውን ገልጸዋል። ስለዚህ ከዚህ ማጣሪያ ጋር ማንበቡ ይመረጣል።

የታሪኩ ትልቁ ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ኢማሙ ከ11 ዓመታት ያህል በኋላ፣ በ499 (እ.ኤ.አ 1106)፣ የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ፋኽሩል ሙልክ ጠርቷቸው፣ ደጋጎችንም አማክረው፣ በነይሳቡር ወደ ማስተማር ተመለሱ። ሥራው ያው ማስተማር ነው። እሳቸው ግን ፊት ክብር ወደሚያስገኝ ዒልም፣ አሁን ደግሞ ክብርን ወደሚያስተው ዒልም እንደሚጠሩ ገለጹ። ሪያእን ፈርቶ መልካም ሥራን መተው መድኃኒት እንዳልሆነም በኢሕያእ አስተምረዋል፤ ሥራው ይቀጥላል፣ የሚታከመው ልብ ነው።

ይህ ለዘመናችን የተነገረ ይመስላል። ሰደቃችን በካሜራ ፊት ይሰጣል፤ ዳዕዋችን በላይክ ይቆጠራል፤ ከሐረም ደጃፍ ሳንወጣ ፎቷችን ይለጠፋል። መልሱ ዳዕዋን ማቆም ወይም ሰደቃን መተው አይደለም። ማንም ባያየኝ ይህንን እሠራው ነበር ወይ ብለን ልባችንን እንጠይቅ። መልሱ ካስደነገጠን መልካም ነው፤ የኢማሙም ተውበት የጀመረው ከዚያ ድንጋጤ ነው።

በስተመጨረሻ ወደ ጡስ ተመልሰው ከቤታቸው አጠገብ ለደረሶችና ለሱፊዮች ቦታ አዘጋጅተው በቁርኣንና በሐዲስ ላይ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። በጁማደል ኣኺር 14 ቀን 505 (እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 1111)፣ ሰኞ ጧት ውዱእ አድርገው ሰገዱ፤ ከፈናቸውን አስመጥተው ሳሙት፤ ወደ ቂብላ ተጋድመውም ወደ ጌታቸው ሄዱ ሲል ወንድማቸው አሕመድ መናገሩ ተዘግቧል።

አላህ ለኢማሙ ይዘንላቸው። ለእኛም ሥራችንን ለእሱ ብቻ ያጥራልን። ኣሚን።