ጎንደርን ያቃጠለው ጀግናችን

ሱፐርማን፣ ባትማን፣ ስፓይደርማን... ስልካችን ላይ የማናገኘው ጀግና የለም። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ታሪካቸው ይመሳሰላል፤ የልጅነት ቁስል አለ፣ ሁለተኛ ስም አለ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ጠላት አለ። እኛ ይህን ታሪክ ከኮሚክ መጽሐፍ በፊት በካሳ ኃይሉ እናውቀዋለን።

ካሳ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ቋራ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጠው አሳደጉት ይባላል፤ ጠላቶቹም በዚሁ ይሰድቡት ነበር። ባትማን የወላጆቹን ሞት እንደተሸከመው፣ ካሳም ይህን ስድብ ተሸክሞ ያደገ ይመስለናል።

ቋራ በረሃ ሸፈተ። በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃች ጎሹን፣ አይሻል ላይ ራስ አሊን አሸነፈ። በ1847 ስሜን ውስጥ ደጃች ውቤን ድል ነሥቶ፣ ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሠ። ስሙንም ቴዎድሮስ አለ።

ስሙ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ፍትሕና ሰላም የሚያመጣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሣ ሕዝቡ ከፍካሬ ኢየሱስ ሰምቶ ይጠብቅ ነበር። የመሳፍንቱ ጦርነት ያሰለቸው ሰው አዳኝ ፈልጎ ነበር በቃ። ሱፐርማንም በፈረንጆቹ 1938 ሲወጣ አሜሪካ ገና ከኢኮኖሚ ቀውስ አልወጣችም ነበር። ሰው ሲጨንቀው ጀግና ይጠብቃል።

ኮሚክ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ገጽ ተቀዶ ይጣል ነበር። በ1859 ቴዎድሮስ ጎንደርን አስዘረፈ፣ አቃጠለም። አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። ከጎንደር ብዙ የብራና መጻሕፍት መቅደላ ገቡ፤ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ወሰዳቸው። ዛሬ ለንደን ላይ ይመለሱልን ከምንላቸው መጻሕፍት ውስጥ፣ መጀመሪያ ከጎንደር አድባራት የተወሰዱ አሉ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን እንወደዋለን? የሥነ ልቦና ሰዎች አንድን ነገር በይበልጥ የምናስታውሰው በከረረው ቅጽበቱና በፍጻሜው ነው ይላሉ። የቴዎድሮስ ፍጻሜ ደግሞ መቅደላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ ብዙ ሠራዊቱ ከድቶት፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር እጁን አልሰጠም፤ በገዛ ሽጉጡ ሞተ። ያቺ ደቂቃ የጎንደርን ጭስ ሸፈነችው።

ዛሬ ሐውልቱ ጎንደር ፒያሳ ቆሟል፤ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ይጠራል። ያቃጠላት ከተማ እኮ ናት! እኛ ሐውልቱ ይነሣ አንልም። አገር አንድ ለማድረግ የታገለ ሰው ነው፣ እንኮራበታለን። ግን የኮሚክ ጀግና ከተማ ቢያፈርስ ወረቀት ላይ ነው፤ የጎንደር ቤት ግን ባለቤት ነበረው። አዳኝ ስንጠብቅ ለአዳኙ ሁሉንም እንፈቅዳለን፤ አደጋውም እዚህ ጋ ነው። ጀግናን ከነጥፋቱ ማወቅ መጥላት አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣውን ጀግና ዓይናችንን ከፍተን እንድንቀበል ያደርገናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?