የዳንቪሉ ሐኪም ኤፍሬም ማክዶዌል

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐረጎ ዳገት ደሴ የሚገባው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ በፈረስ መሄድን፥ ያውም ከ10 ኪሎ የሚበልጥ ዕጢ በሆድ ይዞ፥ አንባቢ ያስበው። በአሜሪካ፥ በኬንታኪ ትኖር የነበረች ጄን ክሮፎርድ የምትባል የልጆች እናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1809 ዓ.ም. ይህን ያህል የተጓዘችው አንድ የገጠር ሐኪም ፍለጋ ነበር።

ሐኪሙ ኤፍሬም ማክዶዌል በ1771 በቨርጂኒያ ተወለደ። ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በኤዲንበርግ ትምህርት ከተከታተለ በኋላ፥ ዲግሪ ሳይቀበል በ1795 በዳንቪል ከተማ ሥራ ጀመረ። ለምስክር ወረቀት ለምንጨነቅ ለእኛ ለወጣቶች ይህ ሳያስገርመን አይቀርም።

ጄንን ያዩ ሌሎች ሐኪሞች ወሯ ያለፈ እርጉዝ ናት ብለው ነበር። ማክዶዌል ግን በእጁ መርምሮ በማኅፀኗ ፅንስ አለመኖሩን ተረዳ፤ ያበጠው ኦቫሪ፥ ማለት የሴት ዘር እንቁላል የሚያድግበት አካል ነበር። እንዲህ ያለውን ዕጢ ከዚያ በፊት አውጥቶ እንደማያውቅ፥ ልትሞትም እንደምትችል ሳይሸሽግ ነገራት። እሺ አለች። የዚህ ታሪክ ጀግና ሐኪሙ ብቻ ነው ለማለት እዚህ ላይ እቸገራለሁ።

የፈረንጆች ገና ዕለት፥ የማደንዘዣ መድኃኒት ለቀዶ ጥገና ባልዋለበት ዘመን፥ ዕጢውን በ25 ደቂቃ አወጣው። በአምስተኛው ቀን ሊጠይቃት ቢገባ አልጋዋን ስታነጥፍ አገኛት።

ከዕጢው የወጣው እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ነገር ነበር። ከምን እንደበቀለ ማክዶዌል ሊያውቅ አይችልም። ዛሬ የኦቫሪ ዕጢ በመነሻው ይለያል። አብዛኛው ከኦቫሪው የላይ ሽፋን ወገን ነው፤ የጄንም ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ከእንቁላል ሕዋሳት የሚነሣው በወጣትነት ይበዛል፤ አንዳንዴ ጠጉርና ጥርስ ይገኝበታል። ሆርሞን ከሚያመነጩት ደጋፊ ሕዋሳት የሚነሣው ደግሞ ለሴት ጢም እስከ ማብቀል ሊደርስ ይችላል። ከአደገኞቹ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከማኅፀን ቱቦ ጫፍ መሆኑ የተደረሰበትም በቅርቡ ነው።

ማክዶዌል ሥራውን በ1817 በጽሑፍ ቢያወጣ በለንደን ተጠራጠሩት። በዚያ ጽሑፍ ጄንን ተከትለው የተቀደዱት ሁለት ሴቶች ጥቁሮች ናቸው፤ ስማቸው አልተጻፈም። በባርነት ለተያዘች ሴት ገላዋ በሕግ የጌታዋ ነበርና፥ እሺታዋን መጠየቅ ግዴታ አልነበረም።

ማክዶዌል በ1830 በድንገተኛ የሆድ ሕመም ሞተ። ጄን ክሮፎርድ ከእርሱ በኋላ 12 ዓመት ኖራ፥ በ1842 በ78 ዓመቷ አረፈች።