መርስ ከኒንግሃምና የተወዛዋዥ ነጻነት

ሙዚቃ ስትሰሙ እግራችሁ ሳታዝዙት ምቱን እንደሚከተል ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ስለዚህ ውዝዋዜ ከሙዚቃ ተለይቶ ምን ሊሆን ይችላል ብላችሁ ብትጠይቁ አይፈረድባችሁም። አሜሪካዊው ተወዛዋዥ መርስ ከኒንግሃም ዕድሜውን የፈጀው ይህንኑ ጥያቄ በመመርመር ነው።

ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1919 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ሴንትሬሊያ በተባለች ከተማ ተወለደ። በሲያትል በኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲማር ከሙዚቃ ደራሲው ከጆን ኬጅ ጋር ተዋወቀ። በ1939 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ እስከ 1945 ድረስ በስመ ጥሩዋ በማርታ ግራሃም ቡድን ውስጥ ሠራ። የግራሃም ውዝዋዜ ፍቅርን፣ ቅናትንና ሐዘንን በሰውነት የሚተርክ ነበር። ከኒንግሃም ግን እንቅስቃሴ ታሪክ ሳይጫንበት በራሱ ሊታይ ይገባዋል የሚል አሳብ አደረበት።

በዚህ አሳብ ኬጅ ብርቱ አጋር ሆነው። ኬጅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ሊቅ ሱዙኪ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዜን የሚሰጠውን ትምህርት ይከታተል ነበር። ዜን በቻይና ተነሥቶ በጃፓን የተስፋፋ የቡድሃ ሃይማኖት ዘርፍ ነው። ሰው ከራሱ መውደድና መጥላት ሲላቀቅ ነገሮችን እንዳሉ ለማየት ይችላል ይላል። እኛ ብዙውን ጊዜ ነጻነት የምንለው የወደዱትን ማድረግን ነው፤ በዚህ ትምህርት ግን መውደድ ራሱ እስራት ሊሆን እንደሚችል ልብ በሉ።

ከኒንግሃም አሳቡን ወደ ሥራ የለወጠው በሳንቲም ነው። በ1953 ብቻውን ለሚጫወተው አንድ ውዝዋዜ የእጅን፣ የእግርን፣ የራስንና የወገብን እንቅስቃሴ ለየብቻ መዘገበ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር የወሰነው ግን ሳንቲም እየወረወረ ነበር። ውጤቱ ሰውነት ፈጽሞ ያልለመደው ሆነና በልምምድ ላይ ተስፋ ወደ መቁረጥ ደረሰ። የፒያኖ ተጫዋቹ ዴቪድ ቱዶር ነገሩ የማይቻል መሆኑን ሳይክድ፣ ቢሆንም እንቀጥል አለው። ቀጠሉም።

በዚያው ዓመት የራሱን ቡድን አቋቋመ። ተወዛዋዦቹ የሚለማመዱት በጸጥታ፣ ጊዜውን በሰዓት እየለኩ ነበር። ሙዚቃውን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰሙት ተመልካች ፊት በቀረቡበት ምሽት ነው። ከምቱ ነጻ ወጡ ማለት ነው። ታዲያ በእርግጥ ነጻ ነበሩን? እርምጃውን የሚወስኑት ከኒንግሃምና ሳንቲሙ እንጂ እነሱ አልነበሩም። በ1963 ስቶሪ በተባለው ሥራው ምርጫውን ለተወዛዋዦቹ ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን ብዙም ሳይቆይ ተወው። ይህ ከአሳቡ ጋር የሚቃረን ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ እንዳሻህ ተጫወት የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ወደ ለመደው ነው፤ ከኒንግሃም ይሸሽ የነበረውም ልማድን ነበር።

በስተርጅና መገጣጠሚያዎቹ ቢታመሙም መድረክን አልተወም። በ1999፣ በ80 ዓመቱ፣ ከሚካኤል ባሪሽኒኮቭ ጋር በኒው ዮርክ ብረት ተደግፎ ተወዛወዘ። ሐምሌ 2009 ዐረፈ። ቡድኑም እርሱ አስቀድሞ እንደ ወሰነው በ2011 መጨረሻ ተበተነ።