ሄርማን ሚንኮቭስኪ፦ የቁጥርን ምሥጢር በቅርፅ የፈታው የሒሳብ ሊቅ

እ.ኤ.አ በ1883 የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ ታላቁን የሒሳብ ሽልማት ለሁለት ሰዎች አካፈለ። አንደኛው የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ሄንሪ ስሚዝ ሲሆን ውሳኔው ሲነገር በሕይወት አልነበረም። ሁለተኛው ገና የ18 ዓመት ተማሪ የነበረው ሄርማን ሚንኮቭስኪ ነው። ደንቡ በፈረንሳይኛ ይጻፍ ቢልም እርሱ በጀርመንኛ ጽፎ ላከ፤ ዳኞቹም ቋንቋውን ሳይሆን ይዘቱን መዘኑ።

ሚንኮቭስኪ በ1864 የተወለደው ያን ጊዜ በሩሲያ ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በሊትዌኒያ በምትገኘው ካውናስ አቅራቢያ ነው። አይሁዳውያን ወላጆቹ በወገኖቻቸው ላይ የሚደርሰውን ጫና ሸሽተው በ1872 ወደ ጀርመኗ ኮኒግስበርግ ተሰደዱ። በዚያም ከዴቪድ ሂልበርት ጋር እስከ ሞት የዘለቀ ወዳጅነት መሠረተ።

ስሙን ያስጠራው በቅርፅና በይዘት ላይ የሠራው ሥራ ነው። ከደሴ ገበያ የተገዛ ሎሚ ከጫፍ እስከ ጫፍ በስሱ ቢከተፍ ሰፊው ቁራጭ በመሃል የሚያልፈው ነው። ወገቡ የጠበበ ቅል ሲቆረጥ ግን የመሃሉ ያንሳል። ሄርማን ብሩን በ1887 የጀመረውን ጥናት ሚንኮቭስኪ አጠናከረው፦ የትኛውም ጎኑ ወደ ውስጥ ያልጎደጎደ፣ ከመሃሉ ወዲህና ወዲያው እኩል የሆነ አካል፣ ቢላው በየትኛውም አቅጣጫ ቢያርፍ፣ በመሃሉ ከሚያልፈው ቁራጭ የሚበልጥ ትይዩ ቁራጭ አይኖረውም።

ሌላው ግኝቱ ለገበሬ ይቀርባል። በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሕር ዛፍ በቁመትም በወርድም አንድ አንድ ሜትር እየተራራቀ በሰፊ ማሳ ላይ ተተከለ እንበል። አንዱን ዛፍ መሃል አድርጎ እንደዚያው ያለ ቅርፅ በገመድ የሚከልል ሰው፣ ስፋቱ ከ4 ካሬ ሜትር ከበለጠ፣ ገመዱን የቱንም ያህል ቢያሞላልቀው ሌላ ዛፍ ሳይገባበት አይቀርም፤ እንዲያውም ወዲህና ወዲያ ሁለት ይገባሉ። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ሚንኮቭስኪ ግን በ1896 መታተም በጀመረው የቁጥሮች ጂኦሜትሪ መጽሐፉ፣ ሊቃውንት በረዥም ስሌት የደከሙባቸውን ጥያቄዎች በዚሁ መንገድ በአጭሩ ፈታቸው።

በዙሪክ ካስተማራቸው መካከል ከክፍል መቅረት የሚያበዛው አልበርት አንስታይን ይገኝበታል። የዚያን ተማሪ ንድፈ ሐሳብ በ1908 ቦታንና ጊዜን አንድ አድርጎ በቅርፅ የገለጸውም መምህሩ ሚንኮቭስኪ ነበር።

ከወራት በኋላ፣ በጥር 1909፣ ዛሬ ደሴ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚታከመው የትርፍ አንጀት ሕመም በ44 ዓመቱ ገደለው። ባለቤቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ትቶ አለፈ። ሂልበርት የወዳጁን ጽሑፎች ሰብስቦ በ1911 አሳተመ።