አይዛክ ሲንጀር፦ በጥገና የጀመረ ስመ ጥር

በቆቦና በራያ ቆላ ከተሞች፣ በሱቅ በረንዳ ላይ የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች ፊት የምትታየውን ጥቁር የስፌት መኪና ብዙ ሰው ሲንጀር እያለ ይጠራታል። ስሙ የአንድ አሜሪካዊ ሰው ስም ነው። ሰውየው ዝናን ያገኘው ሌሎች ሠርተውት እየተበላሸ ያስቸገረን መኪና ሲጠግን ነበር።

አይዛክ ሜሪት ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1811 በኒውዮርክ ግዛት፣ ከጀርመን ፈልሶ ከመጣ አባት ተወለደ። ገና በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ የማሽን ሙያ ቢቀስምም ልቡ በቲያትር ተማረከ። በ1839 ዐለት የሚቦረቡር ማሽን ሠርቶ የፈጠራ መብቱን በ2 ሺህ ዶላር ሸጠ፤ ገንዘቡን ግን በቲያትር ቡድን ላይ አፍስሶ ባዶ እጁን ቀረ።

በ1850 ቦስተን ከተማ በሚገኝ ወርክሾፕ ውስጥ ሳለ፣ ለጥገና የሚመላለሱ የስፌት መኪናዎችን ተመለከተ። ሲንጀር ጉዳዩን ከሥሩ መረመረ። የታችኛውን ክር የሚይዘው ክፍል ክብ እየዞረ ክሩን ያከርረውና ይበጥሰው ነበር፤ እርሱ ቀጥ ብሎ እንዲመላለስ አደረገው። አግድም ትሠራ የነበረችውን ቆልማማ መርፌም ቀጥ ብላ ከላይ ወደ ታች እንድትወጋ ለወጣት። በ40 ዶላር ብድር፣ በ11 ቀናት ውስጥ አዲሱ መኪና እንደተሠራ ይተረካል።

በመጀመሪያው ሙከራ ግን ክሩ እየላላ በጨርቁ ላይ ቀለበት ቀለበት ሠራ። ሲንጀር ተስፋ ቆርጦ ወደ ማደሪያው ሲያዘግም የክሩን ማጥበቂያ አለማስተካከሉ ትዝ አለው፤ ተመልሶ ሲያጠብቀው ስፌቱ ያዘ ይባላል። ነሐሴ 12 ቀን 1851 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

ሆኖም የስፌት መኪና የእርሱ ብቻ ፈጠራ አልነበረም። ኤልያስ ሃው በ1846 ባስመዘገበው መብት ከስሶ ረታው፤ ሲንጀርም ለመክፈል ተገደደ። ሸሪኩ ኤድዋርድ ክላርክ በበኩሉ ከ1856 ጀምሮ ውዱን መኪና በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀመረ፤ በዚህም መኪናው ሙሉ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል ወደማይችሉ ቤቶች ገባ። የሲንጀር የግል ሕይወት ግን ከተለያዩ ሴቶች ከ20 በላይ ልጆች የወለደበት፣ በነቀፋ የተሞላ ነበር። ከአሜሪካ ወጥቶ በአውሮፓ ከኖረ በኋላ ሐምሌ 23 ቀን 1875 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አረፈ።

የሲንጀር መንገድ ዛሬም በቤቱ ጥግ ዝጋ የቆመች አሮጌ መኪና ላለው ሰው ይጠቅማል። መኪናዋ በአብዛኛው በብሎን የተገጠመች ስለሆነች በቤት ውስጥ ተፈትታ ልትጸዳ ትችላለች። ከቆመች ብዙውን ጊዜ የሚይዛት የደረቀ ዘይት፣ ብናኝ ክርና አቧራ ነው። በቅድሚያ የቆዳ ጠፍሯን ማውጣት፣ ከመርፌዋ በታች የተጠራቀመውን ክር በብሩሽ መጥረግ ይገባል። በሚንቀሳቀሱት መጋጠሚያዎች ላይ ጥቂት ላምባ አንጠባጥቦ ማሳደር የደረቀውን ዘይት ያላቅቃል፤ ላምባው ግን የወርቅማ ጌጧን እንዳያበላሽ መጠንቀቅ ያሻል። በማግስቱ ማንኮራኩሯን ሳያስገድዱ በእጅ ማዞር፣ ላምባውን ጠርጎ የስፌት መኪና ዘይት ማጠጣት ነው። የምግብ ዘይት ቆይቶ ስለሚሙጫጭ መልሶ ያደርቃታል። ከዚያ መርፌዋን በአዲስ መለወጥ ይገባል። ስፌቱ አሁንም ቀለበት ከሠራ፣ ክሩን እንደገና በሥርዓት አስገብቶ ማጥበቂያውን መፈተሽ ነው፤ ሲንጀርን ራሱን በዚያች ምሽት ያስቸገረው ይኸው ነበርና።

ለቆራሌው በኪሎ የምትሸጥ መኪና ብረት ብቻ ሆና ትቀራለች። የተጠገነች ግን የተቀደደ ልብስ ትሰፋለች፣ የትምህርት ቤት መለያ ታዘጋጃለች፣ ለአንድ ቤተሰብም እንጀራ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ለሽያጭ ከመውጣቷ በፊት የት ላይ እንደያዘች መርምሮ ማየት ይበጃል።